የአንድ ምሽት የኤምኤምኤ ውድድር፦ ወጪው ከየት ይቀነስ? (24 ምላሾች)

ይህ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ነው። ክሩን የከፈተው ሰው አሥር ግጥሚያ ያለው አነስተኛ የኤምኤምኤ (ቡጢን፣ ርግጫንና ትግልን የሚያቀላቅል ፍልሚያ) ምሽት ሊያዘጋጅ ነው። ስድስቱ የአማተር፣ አራቱ የፕሮፌሽናል ሲሆኑ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ፍልሚያ የለም። አዳራሹን የተከራየው ለሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ገንዘቡ ስላጠረው ወጪ ለመቀነስ ያሰበውን ዘረዘረ፦ አንድ አምቡላንስ ብቻ፣ አንድ ሐኪም ብቻ፣ የክብደት ልኬት በውድድሩ ቀን ጠዋት፣ ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ኬጅ (በሽቦ አጥር የተከበበ መፋለሚያ)፣ ጓንት ከየክለቡ፣ ነጥብ ሰጪ ሁለት ብቻ ሆነው ሦስተኛውን ነጥብ የመሃል ዳኛው እንዲሰጥ። ሌላ ምን ልቀንስ ነው ጥያቄው። ተመልካች የሚመጣው ፍልሚያ ሊያይ ነው፣ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው ባይ ነው። መልእክቱን ሲዘጋም የደንብ መጽሐፍ ተሸክሞ ሊሰብክ የሚመጣ ካለ ከወዲሁ ቢተወው እንደሚሻል ተናገረ። ክሩን ያረዘመችው ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

1ኛው ምላሽ ሰጪ ወንድሜ እያለ በትሕትና ጀምሮ ስለ ገንዘቡ ምንም ሳይል ወደ ሰዓቱ ሄደ። የአማተር ግጥሚያ ሦስት ዙር በሦስት ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ደቂቃ ዕረፍቶች ሲጨመሩ 11 ደቂቃ ይሆናል። መግቢያ፣ ማስተዋወቅ፣ ውሳኔ ማንበብና ወለል መጥረግ 7 ደቂቃ ቢወስድ 18 ይደርሳል፤ ለስድስቱ 108 ደቂቃ። ፕሮፌሽናሉ ሦስት ዙር በአምስት ደቂቃ ነውና ከዕረፍቱ ጋር 17፣ መግቢያውና ሌላው 8 ደቂቃ ሲጨመር 25 ደቂቃ፤ ለአራቱ 100። ድምሩ 208 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። የመሃል ዕረፍት ሳይኖር የሚተርፈው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እርግጥ ሁሉም ግጥሚያ እስከ ነጥብ አይሄድም፤ ግን ሰዓት የሚበላው ፍልሚያው ሳይሆን ያልተዘጋጀ ተፋላሚ መሆኑን አስረዳ። ሁለት ግጥሚያዎች ተከታትለው በመጀመሪያው ደቂቃ በዝረራ ካለቁ ቀጣዩ ልጅ ገና እጁን እያስጠቀለለ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ግጥሚያ ሲጀመር የሚቀጥሉት ሁለት ግጥሚያዎች ተፋላሚዎች ጓንት አጥልቀው፣ ላብ አውጥተው መጠበቅ አለባቸው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ይህን ብቻ የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ አለ። ለኔ የክሩ ጠቃሚ ምላሽ ይኸው ነው፤ የሚገርመው ማንም አልመለሰለትም።

2ኛው ስለ መግቢያ ሙዚቃ ነበር። ሙዚቃው ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በግጥሚያ ተራ ተቀምጦ ከ90 ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ከስልክ የሚጫወት ነገር እንዳይኖር።

3ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ይህ ሰው ሰላምታም አላስቀደመ። አምቡላንሱ ተጎጂ ይዞ ከወጣ ሌላ አምቡላንስ በቦታው እስኪቆም ቀጣዩ ግጥሚያ አይጀመርም፤ ይህ ቁጥጥር ባለበት ሁሉ የሚሠራበት ልማድ ነው። አንድ አምቡላንስ ብቻ ካለና በሁለተኛው ግጥሚያ አንድ ሰው ሆስፒታል ከሄደ ተመልካቹ ባዶ ኬጅ እያየ ይቀመጣል። የሁለተኛው አምቡላንስ ኪራይ ከሚመለሰው የትኬት ገንዘብ እንደሚያንስ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያሻም ሲል ወጋ አደረገው። ከዚያ ግን ወደ ሥራው ገባ። አምቡላንሱ የሚቆምበት በር በተመልካች መኪና እንዳይዘጋ፣ ሾፌሩ ከመኪናው እንዳይርቅ፣ ቃሬዛው በኬጁ በር እንደሚያልፍ ከቀትር በፊት በተግባር እንዲሞከር። በዚያ ምሽት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ተረኛ የሆነበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነም አስቀድሞ ተጠይቆ ይያዝ፤ ቅርቡ ሆስፒታል ሁልጊዜ ትክክለኛው ሆስፒታል አይደለም።

4ኛው የሕክምና ሙያ ያለው ሰው ይመስላል። በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. በደብሊን በተካሄደ አነስተኛ ምሽት ላይ የተጋጠመውን ፖርቱጋላዊ ጃኦ ካርቫልሆን አነሳ። በሦስተኛው ዙር ዳኛው ፍልሚያውን ካስቆመ በኋላ ሰውየው በእግሩ ቆሞ ነበር፤ ሕመሙ የበረታበት ወደ 20 ደቂቃ ቆይቶ ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ከዚህ በመነሳት ምላሽ ሰጪው አንድ ሐኪም ለምን እንደማይበቃ አሳየ። ከአንጎል ሽፋን ሥር ያለ ቀጭን ደም ሥር ሲቀደድ ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ ተጎጂው በመካከል ደህና መስሎ ሊያወራ ይችላል። የኬጁ ሐኪም ግን በዚያን ሰዓት ዓይኑ ቀጣዩ ግጥሚያ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሐኪም ኬጁ ሥር፣ ሌላው መልበሻ ክፍል መሆን አለባቸው። ከፍልሚያ የወጣ ሁሉ፣ አሸናፊም ቢሆን፣ ወዲያው አንድ ጊዜ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይታይ። እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የዓይን ብሌን መጠን መለያየት ከታየ አምቡላንስ እንጂ የሕመም ማስታገሻ አይሰጥም። ረዳቶቹም ልጁን ብቻውን ሻወር ቤት እንዳይተዉት ከውድድሩ በፊት በሚደረገው የደንብ ስብሰባ ላይ ይነገራቸው።

5ኛው ባለ ክሩ ራሱ ነው። በዓመት ስንት ምሽት ይካሄዳል፣ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ተነሥቶ ሰው ማስፈራራት አይገባም ሲል ተከላከለ። መልሱ ከጥቃት ያዳነው አይመስልም።

6ኛው ለ4ኛው ማሟያ ሰጠ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ፍልሚያው የተቋረጠበት ተፋላሚ በተለምዶ 30 ቀን፣ በዝረራ የወደቀ ደግሞ 60 ቀን ገደማ ከውድድር ይታገዳል፤ ልምምድ ላይ ምት መቀበልም ይከለከላል። የትናንሽ ምሽቶች ችግር ውጤቱ የትም አለመመዝገቡ ነው። ማክሰኞ የታገደው ቅዳሜ ሌላ አዳራሽ ይገባል። የእገዳ ወረቀት በሦስት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለተፋላሚው፣ አንዱ ለአሰልጣኙ፣ አንዱ ለተቆጣጣሪው አካል። አሰልጣኙ ሳይፈርም ክፍያ አይውጣ።

ከ7ኛው እስከ 10ኛው ያለው እንካ ስላንትያ ስለ ክብደት ነው። 7ኛው ባለ ክሩን ደገፈው፦ በውድድሩ ቀን ከተመዘነ ማንም ክብደት ለማሟላት ሲል ደፍሮ ብዙ ውሃ ከሰውነቱ አያወጣም፣ ሁሉም በተፈጥሮ ክብደቱ ይገጥማል ባይ ነው። 8ኛው ይህ ወረቀት ላይ የሚያምር፣ መልበሻ ክፍል ሲገባ የሚፈርስ ሐሳብ ነው አለ። የሚቀንሰው ያው ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ቀድሞ 24 ሰዓት የነበረው ማገገሚያ ወደ ስድስትና ሰባት ሰዓት መውረዱ ብቻ ነው። ውሃው ሳይመለስ ጭንቅላቱን የሚመታ ሰው ነው ኬጅ የሚገባው፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

9ኛው ሁለቱንም ገላግሎ ሦስተኛ መንገድ አመጣ። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ተፋላሚ ክብደት ሲቀንስ ከሞተ በኋላ ዋን ቻምፒዮንሺፕ የተባለው የእስያ ውድድር አዘጋጅ ውሃ እያወጡ መቀነስን አገደ፤ ከክብደቱ ጋር የሽንት እፍግታም መለካት ጀመረ፤ ጣሪያው 1.025 ነው። ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሰውነቱ ደርቋል ማለት ነው። መለኪያው ሪፍራክቶሜትር የሚባል በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፣ ከምርመራው በፊት በተጣራ ውሃ ዜሮው ይስተካከላል። የሚያታልሉበትን መንገድም ነገረ። ሽንቱ ጠዋት፣ ክብደቱ ከሰዓት ከተለካ ተፋላሚው ጠዋት ውሃ ጠጥቶ ፈተናውን ያልፍና ከዚያ ውሃውን ያወጣል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ሰዓት ይሁኑ፤ ሽንቱም ተቆጣጣሪ ባለበት ይሰጥ። 8ኛው ተመልሶ ይህን ተቀበለ፤ 7ኛው ግን ዝም አለ።

10ኛው ነገሩን ወደ ሚዛኑ አወረደው። ሚዛን ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም፤ ወለሉ ጠንካራና ለጥ ያለ ይሁን። ክብደታቸው የታወቀ ብረቶች በ60፣ በ80 እና በ100 ኪሎ አካባቢ ተጭነው ይፈተሽ። ያው ሚዛን ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ አለበለዚያ ክለቡ ካመጣው ሚዛን ጋር ያለው የግማሽ ኪሎ ልዩነት ጠብ ያስነሳል። ቀበቶ በሌለበት ግጥሚያ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ ጭማሪ ይፈቀዳል። ራቁቱን ለሚመዘን ሰው መጋረጃ ፎጣ ከተዘረጋ የሚይዙት ሌሎች ሰዎች ከተመዛኙ ርቀው ይቁሙ፣ እርሱም እጁን ወደ ላይ ያንሳ። ለዚህ ምስክር የጠራው አሜሪካዊውን ተፋላሚ ዳንኤል ኮርሚየርን ነው፦ በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. በቡፋሎ፣ ገደቡ 205 ፓውንድ ሆኖ ሳለ በ206.2 ወድቆ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ፎጣው ላይ እጁን እንዳሳረፈ 205 የሆነበትን ልኬት ዓለም አይቶታል። ክብደት ያልሞላለት ወይም ያለፈበት ቢኖር የሚደረገው ደግሞ ሚዛን ላይ ሳይሆን ውሉ ላይ ይወሰናል፦ ከክፍያው ስንት በመቶ ለተጋጣሚው እንደሚሄድ፣ ከስንት ኪሎ በላይ ከሆነ ግጥሚያው እንደሚሰረዝ፣ ለመቀነስ ስንት ሰዓት እንደሚሰጠው።

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 11ኛው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ የክርን ምት አሁንም ጥፋት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 12ኛው በሰሜን አሜሪካ የኤምኤምኤን የጋራ ደንብ የሚያወጣው የቦክስ ኮሚሽኖች ማኅበር በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. እገዳውን ማንሳቱን፣ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ መሥራት እንዳለበት፣ መሬት የነካ (ማለትም ጭንቅላቱን በጉልበት መምታት የማይፈቀድበት) ተፋላሚ የሚባለውም ከእጅና ከእግር መዳፍ ሌላ የሰውነት ክፍሉ መሬት የነካ ብቻ እንዲሆን መወሰኑን አብራራ። ቀድሞ እጁን ወለል ላይ ጣል አድርጎ ከጉልበት ምት ሲሸሸግ የነበረ አሁን መሸሸጊያ የለውም። 13ኛው ሁሉም ተቆጣጣሪ ይህን በአንድ ጊዜ እንዳልተቀበለ አስታውሶ ወደ ርእሱ መለሰን። በዓለም አቀፉ የአማተር ፌዴሬሽን ደንብ በክርን መምታት በምንም መልኩ አይፈቀድም፣ ጉልበት ወደ ጭንቅላት አይፈቀድም፣ ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበት መስበርም እንዲሁ። በአንድ ምሽት ሁለት ደንብ ካለ ዳኛው በየግጥሚያው እየቀያየረ አእምሮው መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ አማተሮቹ ሁሉ ቀድመው ይጨርሱ፤ ከዚያ አጭር ዕረፍት ይሁን፤ ጓንትም ሰዓት መቆጣጠሪያም ያኔ ይቀየር። በደንብ ስብሰባው ላይም ልዩነቱ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ወረቀት አድሎ መተው አይበቃም።

14ኛው ስለ ኬጁ የጻፈው ረጅሙ ምላሽ ነው። ስድስት ሜትር ደንብ አይጥስም፤ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ ከ5.5 እስከ 9.75 ሜትር ይፈቅዳል። ትንሽ ኬጅ መሸሻ ስለሚያሳጣ ፍልሚያው አጥር ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ ይህ የአዘጋጁ ምርጫ ነው። የእርሱ ጭንቀት ወለሉ ነው። ፕላይውዱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ መጋጠሚያው ላይ ከሥሩ ድጋፍ ይኑረው፤ በሰው ክብደት የሚዋዥቅ ሰሌዳ ጠርዝ ይፈጥራል። ስፖንጁ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በመጋጠሚያው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይተው። ሸራው እንደ ከበሮ ይወጠር፤ የላላ ሸራ ይታጠፋል፣ የእግር ጣት እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ ተፋላሚው ሲዞር እግሩ ስለማይከተለው ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ይጎዳል። ስፖንሰር የሚለጥፈው የፕላስቲክ ስቲከር ላብና ደም ሲነካው ያንሸራትታል። ማስታወቂያው ሸራው ውስጥ በሚሰርግ ቀለም ይሳል፣ ቀለሙም ከመድረቁ በፊት ማንም አይርገጠው። የሽቦው ጫፎች ወደ ውጭ ይታጠፉ፣ ምሰሶዎቹ በስፖንጅ ይሸፈኑ፣ በአጥሩና በወለሉ መካከል እግር የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኑር። መድረኩ ከመሬት ከ1.2 ሜትር አይበልጥ።

15ኛው አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ በሩን። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲወድቁ ጭነቱ ሁሉ መቀርቀሪያው ላይ ነው። አንድ መቀርቀሪያ ካለ ይከፈትና ሁለቱም በደረጃው ላይ በጀርባቸው ይወርዳሉ። ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ ይኑር፣ በየበሩም አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቁም። ያ ሰው ቪዲዮ አይቀርጽም።

16ኛው ጓንት ላይ ባለ ክሩን አልማረውም። ከየክለቡ የመጣ ጓንት በልምምድ የቀለጠ ስፖንጅ አለው፤ የአንዱ ቡጢ ድንጋይ፣ የሌላው ትራስ ሆኖ ይጋጠማሉ። አዘጋጁ አንድ ዓይነት ጓንት በሁሉም መጠን ያቅርብ፤ ለፕሮፌሽናል ቢያንስ 4 አውንስ፣ ይህም 113 ግራም ገደማ ነው፤ ለአማተር 6 ወይም 7 አውንስ። እጅ አጠቃለልም ልክ አለው፦ ለእያንዳንዱ እጅ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የጎዝ ፋሻ ከ12 ሜትር አይበልጥ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስተር ከ3 ሜትር አይበልጥ። ፕላስተር በፕላስተር ላይ ሲደራረብና ላብ ሲጠጣ ይደድራል፤ ተንኮለኛ ረዳት ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጥቅለላው ተቆጣጣሪ ፊት ይሁን፣ የተጋጣሚው ወገን አንድ ሰው ልኮ ይመልከት፣ ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ይፈርም፤ ጓንቱ ከተጠለቀ በኋላ ማሰሪያው ላይም እንዲሁ። ቫዝሊን ፊት ላይ ብቻ፣ ኬጁ በር ላይ፣ ተቆጣጣሪው እያየ ይቀባ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ክንድና አንገት ተቀብቶ የመጣ ሰውን ማነቅ አይቻልም።

17ኛው በዙሮች መካከል ደም ስለሚያቆመው የቁስል ረዳት አጭር ነገር አለ። በየክለቡ ከመተው ለምሽቱ ሁለት ባለሙያ መቅጠር ይሻላል። ከ60 ሰከንዱ ዕረፍት መቀመጫ ገብቶ እስኪወጣ 20ው ይሄዳል፤ በቀረው ጊዜ ደሙን ጠርጎ፣ አድሬናሊን የነካ ጥጥ ቁስሉ ውስጥ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ጥጡን ቶሎ ቶሎ ማንሳትና ማየት የጀማሪ ምልክት ነው። የሚያፈስ የበረዶ ከረጢት ኬጅ ውስጥ አይግባ።

18ኛው ነጥብ አሰጣጡን ሲነካ ክሩ ፈነዳ። የመሃል ዳኛው የሚያየው አንገትን፣ ትንፋሽን፣ እጅ መስጠትን ነው፤ ማን ዙሩን እንደወሰደ በሚቆጥር ሰው እጅ ላይ የአንድ ሰው ሕይወት አይቀመጥም። ሦስት ነጥብ ሰጪዎች በሦስት የተለያዩ ጎኖች ይቀመጡ፤ ምሰሶ ለሚጋርደው ስክሪን ይቅረብለት። ወረቀቱ በየዙሩ መጨረሻ ይሰብሰብ፤ አለበለዚያ የሦስተኛው ዙር ስሜት የመጀመሪያውን ነጥብ ያስለውጣል። መስፈርቱም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ምትና ትግል ያደረሱት ጉዳትና ያስገኙት ውጤት፤ ያ ፍጹም እኩል ከሆነ ብቻ ማጥቃት፤ ያም እኩል ከሆነ ቦታ መቆጣጠር።

19ኛው፣ የትግል ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ተጋጣሚን መሬት ላይ መጣልን እንዲህ ማቃለል ስፖርቱን የቦክስ ጭራ ማድረግ ነው ብሎ ተቆጣ። 20ኛው ጥሎ ከላይ ተኝቶ ምንም ሳይመታ፣ ማነቆ ሳይሞክር ዙር ያሸነፈ የሚመስለው ሰው ደንቡን ካነበበ ቆይቷል ሲል መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ ነውና አልፈዋለሁ። ጉዳዩ ላይ 20ኛው ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን 19ኛውን ለማሳመን አልተሠራም። 21ኛው የውይይት መድረኩ አስተዳዳሪ ነበር፤ ሁለቱንም አስጠንቅቆ ጥቂት መስመሮች ሰረዘ።

22ኛው ላይ ባለ ክሩ ብቅ ብሎ ሁለተኛ አምቡላንስ፣ ሁለተኛ ሐኪም፣ ሦስተኛ ነጥብ ሰጪና አንድ ዓይነት ጓንት እንደሚያስገባ ገለጸ። ለዚህ ሲል ሁለት የአማተር ግጥሚያዎችን ይሰርዛል። ክብደቱን ግን በዚያው ቀን ይመዝናል፣ የሽንት መለኪያም ይጨምራል። የሽንት መለኪያው ብቻውን እንደማይበቃ ማንም ሳይነግረው ቀረ፤ የዕለቱ ልኬት ከዋዜማው ልኬት ጋር ካልተነጻጸረ ማን ስንት ኪሎ እንደጣለ አይታወቅም።

23ኛው ግጥሚያ መሰረዙን ተቃወመ። በውሉ 12 ግጥሚያ ፈርመህ 10 ጠብቅ ነው ምክሩ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት በጉዳት፣ በክብደትና በደም ምርመራ ሁልጊዜ የሚወድቅ አለ። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ውጤት ከላቦራቶሪው በቀጥታ ይምጣ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ቀኑም ስሙም በቀላሉ ይቀየራል። ወለል ላይ ለሚፈስ ደም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በዚያው ቀን ይበጥበጥ፣ የቆየው ኃይሉ ይሞታል። ከተጠረገ በኋላ በደረቅ ፎጣ ካልደረቀ ሸራው ያንሸራትታል፣ ዓይንም ያቃጥላል።

24ኛው የመጨረሻው ነው። ክብደቱን አሟልቶ፣ ምርመራውን አልፎ፣ ተጋጣሚው የቀረበት ተፋላሚ ምን ይከፈለዋል ብሎ የጠየቀም የመለሰም እርሱ ነው። የመቅረቢያ ክፍያው ሙሉ በሙሉ፣ ከማሸነፊያው ደግሞ በውሉ የተጻፈው ድርሻ፣ በዚያው ምሽት፣ በእጁ ተፈርሞ ይሰጠው። ያልተከፈለው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ሲጠራ ስልክ አያነሳም።